የቀይ ውሃ ብቅል

ጥርት ያለ ውሃ በብርጭቆ ቀድቶ ፊቴ እያስቀመጠ «ይኸው፣ ንጹህ ነው» የሚለኝን ሰው አላምንም። ሥራዬ ከጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የሚወጣውን ውሃ መመርመር ስለሆነ እንዲህ ያለ ብርጭቆ ብዙ ጊዜ ይቀርብልኛል። አቅራቢው ፈገግ ይላል፤ ወረቀቱን ወደ እኔ ገፋ አድርጎ ብዕር ያቀብለኛል። እኔም «ሦስት ቀን ስጡኝ» እላለሁ። አንዳንዱ ይስቃል፣ አንዳንዱ ለአለቃዬ ይደውላል። ግትር ናት ይሉኛል፤ ልክ ናቸው። ግትርነቱን ግን ከዩኒቨርሲቲ አላመጣሁትም። ያመጣሁት ከእናቴ ጓሮ ነው፤ ያውም እሷን ላድናት ብዬ ሄጄ፣ እሷው አሳፍራኝ።

ቤታችን እስቴ ውስጥ፣ ከመካነ ኢየሱስ የሁለት ሰዓት የእግር መንገድ ርቃ ባለች ትንሽ የገበያ ከተማ ነበር። እናቴ የምትታወቀው ክር ቀለም በመንከር ነው። ሸማኔዎች ነጩን ክር ያመጡላታል፤ እሷ ለጥለት የሚሆን ቀይ፣ አረንጓዴና ቢጫ አድርጋ ትመልስላቸዋለች። የቀለሙን ዱቄት የምትገዛው ቅዳሜ ገበያ ላይ ከአንድ ሙስሊም ነጋዴ ነበር፤ በማንኪያ ሰፍሮ በጋዜጣ ቁራጭ ይጠቀልልላታል። በግማሽ በርሜል ውሃ ታፈላለች፣ ዱቄቱን ትበትንበታለች፣ ቀለሙ ክሩን እንዲይዝ ጨው በእፍኝ ትጨምራለች፣ ከዚያ ክሩን ከትታ በዱላ ታገላብጠዋለች። ጥፍሮቿ ዓመቱን ሙሉ ቀይ ነበሩ። ቤተ ክርስቲያን ስትሄድ እጇን በነጠላዋ ውስጥ ትደብቀዋለች፤ እኔን የሚገርመኝ ግን የሌሎቹ እናቶች ጥፍር ለምን ነጭ እንደሆነ ነበር።

አባቴ ከሞተ በኋላ የክሩ ሥራ ብቻውን ስላልበቃን ጠላም ትጠምቅ ጀመር። በየቤቱ አተላ ለከብት ይሰጣል። እኛ ከብት ስላልነበረን እናቴ ከጋኑ ሥር የቀረውን አተላ ወደ ጓሮ ትወስድና፣ የተረፈውን የቀለም ውሃ ከምትደፋበት ጉድጓድ ውስጥ ትገለብጠዋለች። ጉድጓዱን ራሷ ነች የቆፈረችው። ወገብ ድረስ ይጠልቃል፤ ሽታው ሰው ስለሚያውክ በግንድና በጭራሮ ከድናዋለች። በታች በኩል ከጓሯችን ሥር ወደሚያልፈው ፈፋ የሚንጠባጠበው ውሃ ግን ቀይ አልነበረም። ቀይ ይገባል፣ ውሃ መሳይ ይወጣል። ልጅ ሳለሁ ለምን ብዬ ጠይቄ አላውቅም፤ ጉድጓድ ሁሉ እንዲያ የሚያደርግ ይመስለኝ ነበር።

ለምን የሚለው የመጣው ለሁለተኛ ዲግሪ ዩኒቨርሲቲ ከገባሁ በኋላ ነው። መምህራችን የፋብሪካ ቀለም ፀሐይም ሳሙናም እንዳይበግረው ተደርጎ የተሠራ በመሆኑ ወንዝ ውስጥ ሲገባ በቀላሉ እንደማይጠፋ፣ አንዳንድ ባክቴሪያዎች ግን ሊያፈርሱት እንደሚችሉ አስረዳን። ባክቴሪያዎቹን ከውጭ አገር ማስመጣት እንደሚቻልም ነገረን። እኔ ከኋላ ወንበር ላይ ሆኜ የእናቴን ጉድጓድ አስባለሁ። የመመረቂያ ጥናቴን ርዕስ ሳቀርብ «ከአገሬ ጭቃ ነው የምሠራው» አልኩ። አማካሪዬ ጭቃ ውስጥ ምን እንዳለ ሳይታወቅ ጊዜሽን ታባክኛለሽ ብሎ መከረኝ። እንቢ አልኩ።

በዚያው ዓመት በሁዳዴ እኩሌታ ላይ እናቴ ደወለችልኝ። ያኔ ኔትወርክ የሚገኘው ከቤተ ክርስቲያኑ በላይ ካለው ጉብታ ላይ ብቻ ነበር፤ እዚያ ድረስ ወጥታ ስትደውል ነገሩ ቀላል እንዳልሆነ ገባኝ።

«መጡብኝ» አለችኝ እያለከለከች። «ፈፋው ቀልቶ አደረ። የየኔታ ተማሪዎች ውሃ ሊቀዱ ወርደው ደም ነው ብለው ጮኹ። ሊቀመንበሩ ከነኮሚቴው መጥቶ በርሜሌን አስደፋኝ።»

የኔታ ከፈፋው በታች ጉባኤ ዘርግተው የሚያስተምሩ የድጓ መምህር ናቸው። ጋይንት ቤተ ልሔም ተምረው፣ እዚያው አስመስክረው የመጡ ሰው ናቸው፤ ከተማችን ውስጥ እሳቸው የተናገሩትን አቅልሎ የሚያይ የለም። ተማሪዎቻቸው የሚጠጡት ያንን ውሃ ነው። ስለዚህ ቢቆጡ አልፈርድባቸውም። የሊቀመንበሩ ቁጣ ግን ያናድደኛል፤ ምክንያቱም እሱ ራሱ የናፍጣ ወፍጮ ቤት አለው። ከወፍጮው ጀርባ የሚወርደው ጥቁር ዘይት ከእኛ ጓሮ በላይ ሆኖ እዚያው ፈፋ ውስጥ ነው የሚገባው። እሱን ማንም አላነሳውም። ሰው ጥቁሩን ለምዶታል፤ ቀዩ ነው ያስደነገጠው።

ውሳኔው እንዲህ ነበር፦ ውሃው ጉዳት እንደሌለው ከአዋቂ ዘንድ ማስረጃ እስኪመጣ ድረስ እናቴ ለሸማኔ አንድ ክር እንዳትነክር። ስብሰባው ለሰኔ መጀመሪያ ተቀጠረ። ማስረጃው ካልመጣ ሥራው ለዘለቄታው ይዘጋል።

«አዋቂዋ አንቺ ነሽ እንግዲህ» አለችኝ እናቴ። እኔን ያስተማረው ያ በርሜል ነው፤ በአንድ ሊቀመንበር ጩኸት ሲገለበጥ ዝም ብዬ አላይም ብዬ ማልኩ።

ለፋሲካ ስሄድ ከጉድጓዱ ሥር ጥቁሩን ጭቃ በጠርሙስ ሞልቼ፣ አፉን በላስቲክ አስሬ፣ አውቶቡስ ውስጥ ጭኔ ላይ አድርጌ ተመለስኩ። ከጎኔ የተቀመጠው ሰውዬ ደብረ ታቦር እስክንደርስ አፍንጫውን ይዞ ነበር። ቤተ ሙከራ ገብቼ ጭቃውን በብልቃጥ ከፋፈልኩት፣ ቀለም ጨመርኩበት፣ ለባክቴሪያዎቹ ምግብ ትንሽ ስኳርና ማዕድን ሰጠኋቸው። ከዚያ በመጽሐፉ እንደተጻፈው አየር እንዲያገኙ በሚወዘውዝ መሣሪያ ላይ ደረደርኳቸው። አንድ ሳምንት ሙሉ ተወዘወዙ። ቀለሙ እንደ ቀላ ቀረ። ሁለተኛ ሳምንት ደገምኩ። አሁንም ቀይ። አማካሪዬ ብልቃጦቹን አይቶ አለፈ።

አንድ ነገር ትቼ እንደነበር አውቃለሁ። አተላውን። ስለ ጉድጓዱ ስጽፍ «የቀለም ውሃ የሚጠራቀምበት» ብዬ ነበር ያቆምኩት። የከተማ ልጆች መሃል ቆሜ እናቴ ጠላ ሻጭ መሆኗን፣ ምርምሬም በአተላ የቆመ መሆኑን መናገር አፈርኩ። ዛሬ ሳስበው ፊቴን በጥፊ ማለት ያምረኛል።

እናቴ ጉብታው ላይ ወጥታ ስትደውል ነገርኳት።

«ምን ታበያቸዋለሽ?» አለችኝ።

«ስኳር።»

«አተላስ?»

«አልሰጠኋቸውም።»

«ደግሞስ ለምንድን ነው የምታንገላቻቸው? እኔ ጉድጓዱን ነካክቼው አላውቅም። አተላውን ደፍቼ፣ ከድኜ፣ ትቼው እሄዳለሁ። አንቺም ተያቸው።»

ያን ጊዜ ነው ፈፋው በሁዳዴ ለምን እንደቀላ የገባኝ። እናቴ በጾሙ ጠላ አትጠምቅም፤ ስለዚህ አተላ የለም። ለፋሲካ ልብስ የሚያደርሱ ሸማኔዎች ደግሞ ክሩን የሚያጎርፉት በዚያው ወቅት ነው። ባክቴሪያዎቹ ጦማቸውን ውለው ያደሩት ሥራው በበዛበት ጊዜ ነው። በዚያ ላይ ያን ዓመት የበልግ ዝናብ ጣለና ጉድጓዱ ሞልቶ ቀዩ እንዳለ ወደ ፈፋው ፈሰሰ። ጉድጓዱ አልበደለም፤ ተርቦ ነው።

በማግስቱ ከአንዲት ጠላ ቤት አተላ በጆግ ገዝቼ፣ ግቢውን በሙሉ በሰው ፊት ይዤው ሄድኩ። አልሸፈንኩትም። ብልቃጦቹን እስከ አፋቸው ሞላኋቸው፣ አየር እንዳይገባ ደፈንኳቸው፣ መሣሪያውን አጥፍቼ ጨለማ ቁም ሣጥን ውስጥ አስቀመጥኳቸው። በአራተኛው ቀን ስከፍት ቀዩ ወደ ሐመር ቢጫ ተቀይሯል፤ በስድስተኛው ቀን ጭቃው ከሥር ረግቶ ከላይ ያለው ውሃ ጥርት ብሏል። አየር በሌለበት ባክቴሪያዎቹ አተላውን እየበሉ ቀለሙን ቀለም ያደረገውን ማያያዣ በጥሰውት ነበር። እየጮህኩ ወደ አማካሪዬ ሮጥኩ። እሱም መጥቶ አየ፣ ብልቃጡን ወደ መስኮት አንስቶ ደጋግሞ አየ፣ ከዚያ እጄን ጨበጠኝ።

ለስብሰባው የሚቀርበው የዩኒቨርሲቲው ደብዳቤ በሁለት ቀን ተጻፈ። ማኅተም አለው፣ ፊርማ አለው። ከጉድጓዱ ናሙና ላይ ቀለሙ በአብዛኛው መወገዱን ይናገራል። አንድም ውሸት የለበትም። ግን ማያያዣው ሲበጠስ የሚቀረው ስብርባሪ ራሱ መርዛም ሊሆን እንደሚችል አንብቤ ነበር። ያነበብኩትን መጽሐፍ ገጹን ሳላጥፍ ዘግቼዋለሁ። ሌላ ጊዜ እመለስበታለሁ ብዬ ለራሴ ነገርኩት። ስብሰባው ደርሷል፣ እናቴ ሥራ ፈትታ ተቀምጣለች፣ ሊቀመንበሩ ማስረጃ ነው ያለው፣ ማስረጃ ይኸው።

በስብሰባው ዋዜማ ቤት ገባሁ። ደብዳቤውን አውጥቼ አነበብኩላት። እናቴ ማንበብ አትችልም፤ ማዳመጥ ግን ትችላለች።

«ቀለሙ ጠፍቷል ይላል?»

«አዎ።»

«ውሃው ደህና ነው ይላል?»

«እንዲያ አይልም፤ ግን…»

«ግን» ያልኩትን ሳልጨርስ ተነስታ ወደ ጓዳ ገባች። በጉሎ ቅጠል የተጠቀለሉ ሁለት ነገሮች ይዛ ወጥታ ፊቴ አስቀመጠቻቸው። ወዲያው አወቅኋቸው። ለጠላ ብቅል ስታበቅል ገብሱን አንድ ቀን ትዘፈዝፈዋለች፣ ታጠልለዋለች፣ በጉሎ ቅጠል ጠቅልላ ድንጋይ ትጭንበታለች፤ በሦስተኛው ቀን ጎንቁሎ ነጭ ሥሩን ያወጣል። በቤታችን ከእሷ ሌላ ብቅል የሚነካ አልነበረም።

የመጀመሪያውን ፈታችው። ገብሱ ሥሩ እርስ በርሱ ተጠላልፎ እንደ ምንጣፍ ተነሳ። «ይኸ ከከተማው በላይ ካለው ንጹህ ወንዝ በቀዳሁት ውሃ ነው» አለች። ሁለተኛውን ፈታችው። ፍሬው አብጧል፣ ጫፉ ጠቁሯል፣ አንድም ሥር የለውም። «ይኸ በኔ ጉድጓድ ውሃ ነው። አተላ ደፍቼበት ከጠራ በኋላ የቀዳሁት ነው።»

ተናደድኩ። እውነቱን ለመናገር ልጮህባት ነበር። «ማን አድርጊው አለሽ? ነገ እኮ ስብሰባ ነው!»

«አንቺ ስትደክሚ እኔ እጄን አጣጥፌ ልቀመጥ ኖሯል? ገብስን የሚገድል ውሃ ለየኔታ ልጆች አጠጥቼ፣ በምን ዓይኔ ቤተ ክርስቲያን ልቁም?»

ደብዳቤው እጄ ላይ ነበር። የዘጋሁት ገጽ ትዝ አለኝና ስለ ስብርባሪው ሁሉንም ነገርኳት። ስጨርስ «ታውቂው ነበር ማለት ነው» አለችኝ። በሕይወቴ እንደዚያ ያፈርኩበት ቀን የለም።

በማግስቱ የቀበሌው አዳራሽ ሞላ። የኔታ ከፊት፣ ሸማኔዎቹ ከኋላ፣ ኮሚቴው ከጠረጴዛው ጀርባ። ሊቀመንበሩ ደብዳቤውን ጠየቀኝ። እናቴን አየኋት፤ ራሷን በአዎንታ ነቀነቀች፤ ሰጠሁት። ማኅተሙን አይቶ ብቻ ፊቱ ፈካ።

«ዩኒቨርሲቲው ካለ ይበቃናል። እትዬ፣ ከዛሬ ጀምሮ ሥራዎን ይሥሩ። ጉዳዩ ተዘግቷል።»

«አልተዘጋም» አለች እናቴ።

ተነስታ ሁለቱን ጥቅል ጠረጴዛው ላይ፣ ደብዳቤው ላይ አስቀምጣ ፈታቻቸው። ገብሱ አንድ መሆኑን፣ እጁም የእሷው መሆኑን፣ ልዩነቱ ውሃው ብቻ መሆኑን ተናገረች። የኔታ ጠጋ ብለው ከጠቆረው አንድ ፍሬ አንስተው በጥፍራቸው ሰነጠቁት።

«ሞቷል» አሉ።

ሊቀመንበሩ ግራ ገባው። «እትዬ፣ ራስዎን እኮ ነው የሚከሱት!»

«ራሴን አልከሰስኩም። የማልዋሽበትን ነው ያመጣሁት። እናንተ ውሃዬን ቀይ ሲሆን ከሰሳችሁት፣ ሲጠራ ማራችሁት። ሁለቱንም ጊዜ አላያችሁትም። እኔ ብቅል የሚያበቅል ውሃ ሳላወጣ ለሸማኔ አንድ ክር አልነክርም። ለሙከራ የሚሆን አንድ በርሜል ብቻ ፍቀዱልኝ። ከዚያ በኋላ ግን ወደዚህ ፈፋ የሚደፋ ሁሉ ብቅሉን ያምጣ።»

አዳራሹ ሳቀ። ሊቀመንበሩም ሳቀ። እናቴ አልሳቀችም፤ «ቃለ ጉባኤው ላይ ይጻፍልኝ» አለች። ጸሐፊው ቀና ብሎ ሊቀመንበሩን አየ፤ ሊቀመንበሩም የሴትዮዋን አምሮት ይሙላላት በሚል ዓይነት እጁን አወዛወዘ፤ ተጻፈ። ደብዳቤዬን ከገብሱ ሥር አወጣሁና ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት።

ክረምቱን አብረን ሠራን። ለአማካሪዬ ጥናቱ እንዳላለቀ ነገርኩት። «ጨርሰሻል እኮ!» አለ፤ ግማሹን ነው የጨረስኩት አልኩት። ስብርባሪውን የሚበሉት ባክቴሪያዎች ከመጀመሪያዎቹ የተለየ ጠባይ አላቸው፤ እነሱ አየር ይፈልጋሉ። ቀድሞ ያለ ቦታው የሞከርኩት መወዝወዝ አሁን ቦታ አገኘ። እናቴ ከጥልቁ ጉድጓድ በታች ሁለተኛ ጉድጓድ ቆፈረች፤ ይኸኛው ከስንዝር ያልበለጠ ጥልቀት ያለው፣ ሰፊ፣ ክዳን የሌለው ነው። በሁለቱ መካከል ድንጋይ እንደ ደረጃ ደረደርን፤ ውሃው ከድንጋይ ድንጋይ እየወደቀ አየር ይዞ እንዲወርድ። ዝናብ ሁለቴ ናደብን። ሁለቴ ደረደርነው።

በመስከረም የተጠቀለለው ገብስ ግማሹ በቀለ። እኔ ዘለልኩ። እናቴ ግን ከወንዙ ብቅል ጎን አስቀምጣ አየችውና «ገና ነው» አለች። የኔታ ራሳቸው መጥተው ነበር፤ «በቅሏል እኮ፣ ምን ቀረው?» ቢሏት፣ «የወንዙን ያህል አልበቀለም፣ የኔታ። ይታገሱኝ» አለቻቸው። ጉድለቱ ጨው ነበር። ጨውን ባክቴሪያ አይበላውም። እናቴ ይህን ስነግራት ጥቂት አሰበችና የጨውን ውሃ መድፋቷን ተወች፤ የአንዱን ቀን በርሜል ለሚቀጥለው ክር እያቆየች ቀለሙን ብቻ ትጨምርበታለች። በምን ያህል ጨው ቀለሙ ክሩን እንደሚይዝ በጣቷ እየቀመሰች አወቀችው።

በኅዳር መጨረሻ ሁለቱን ጥቅል ጎን ለጎን ፈታን። የትኛው የማን እንደሆነ መለየት አቃተኝ። እናቴም አቃታት፤ ምልክት ያደረገችበትን ቅጠል ገልብጣ ማየት ነበረባት። ከዚያ ተቀመጠችና አለቀሰች። ከሁዳዴ ጀምሮ ስታለቅስ አይቻት አላውቅም ነበር።

አዳራሹ ዳግም ተሰበሰበ። ብቅሉ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። የኔታ ሁለቱን አገላብጠው አይተው «ተማሪዎቼ ከዛሬ ጀምሮ እንደገና ከፈፋው ይቅዱ» አሉ። ሸማኔዎቹ አጨበጨቡ። ሊቀመንበሩ እናቴን አመሰገነና ወረቀቱን ሊሰበስብ ሲል እናቴ እጇን አነሳች። ጥፍሮቿ እንደ ድሮው ቀልተዋል፤ ነጠላ ውስጥ አልደበቀቻቸውም።

«የየኔታ ልጆች ገና አይቅዱ» አለች። «ከኔ በላይ የሚደፋ አለ። የሰኔው ቃለ ጉባኤ ይነበብልኝ።»

ጸሐፊው ፈራ ተባ እያለ አነበበ። ወደዚህ ፈፋ የሚደፋ ሁሉ ብቅሉን ያምጣ። አሁን ማንም አልሳቀም። ሁሉም ወደ ጠረጴዛው ያያል።

«እትዬ፣ ያ እኮ ለጨዋታ ነበር» አለ ሊቀመንበሩ። «ወፍጮና ቀለም ምን አገናኘው?»

«ለኔ ጨዋታ አልነበረም። ዘጠኝ ወር ለሸማኔ አንድ ክር ሳልነክር ነው የቆየሁበት።»

መልስ አልጠበቀችም። ከአዳራሹ ወጥታ ቤት ገባች፤ ቢጫ ጀሪካን ይዛ ወጣች። የኔታ ተከትለዋት መጥተው ደጃፋችን ላይ ቆመው ነበር፤ «ገብሱን ከእኔ ውሰጅ» አሏት። እናቴ ጎንበስ ብላ እጅ ነሳቻቸውና በገበያው መሃል፣ ሰው ሁሉ እያያት፣ ወደ ወፍጮው ጀርባ ሄደች። ጥቁሩ ውሃ ከሚወርድበት ላይ ቁጭ ብላ ጀሪካኑን ደቀነችበት። እኔ የጉሎ ቅጠል ቆርጬ ተከተልኳት።